ኮከብ ያላገኘው ቤዝመንት

አባቴ በሚተኙበት ክፍል ግድግዳና በጎረቤቱ አጥር መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፤ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍባትም። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የምንስለው እኛ ነን፣ እኔ የምሠራበት ቢሮ። እንግዲህ ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ ምን እንደሚታየኝ አስቡት። ሰው «ደስ የሚል ዝናብ» ሲል ልነክሰው ይዳዳኛል።

ሥራው እንዴት መጣ ብትሉ በአባቴ አፍ ነው የመጣው። አባቴ፣ አቶ ሆርዶፋ፣ ጎሮ ተወልደው ጎሮ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አስፋልትና ኮንዶሚኒየም የሆነው ሁሉ የወላጆቻቸው የጤፍ ማሳ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አቶ ገብረዋሕድ የሚባሉ ነጋዴ አጠገባቸው ያለውን ቦታ ገዝተው ሲመጡ፣ አባቴ ወንበር አውጥተው አስቀመጧቸው፣ በወሬ መሀልም «ልጄ እኮ ሕንፃ ነው የምትስለው» አሏቸው። ሰውየው የጎረቤት ልጅ እያለች ሌላ ጋ መሄድ ነውር መስሏቸው ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቢሯችን ድረስ መጡ። አባቴ ያን ሰሞን ያልነገሩት ሰው የለም። ከቅዳሴ ሲወጡ ሳይቀር «ያ ሕንፃ የኢሊሊ ነው» ይሉ ነበር። ኢሊሊ እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ኮከቡ ልንገራችሁ፣ መከራዬ ከዚያ ነው የጀመረው። ድሮ አንድ አርኪቴክት ሦስት ዓይነት ንድፍ ስሎ «ከነዚህ ምረጡ» ይል ነበር አሉ። ዛሬ የቦታውን ስፋት፣ የፎቁን ብዛት፣ የሚቆመውን መኪና ቁጥር ለኮምፒውተሩ ትሰጡታላችሁ፤ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ስትመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ንድፍ ደርድሮ ይጠብቃችኋል። ደረጃው በቀኝ፣ ደረጃው በግራ፣ ቤዝመንቱ ጠለቅ፣ ቤዝመንቱ ጠበብ። ማን ነው ያን ሁሉ የሚያየው? ጥቂቱን እንዳየ የሰው ዓይን ይፈዝዛል፣ ከዚያ «ሁሉም ያው ነው» ማለት ይመጣል። የእኔ ሥራ ሰዎቹን በዚያ ጫካ ውስጥ መምራት ነው። የሚመሳሰሉትን ንድፎች በየቤተሰባቸው እሰበስባለሁ፣ ከየቤተሰቡ አንድ አንድ አውጥቼ አሳያለሁ፣ «ብርሃን የሚበዛበትን ብቻ አሳዪን» ሲሉኝ ሌላውን እደብቃለሁ። አብራኝ የምትሠራው ዊንታ «አስጎብኚዋ» ትለኛለች። ቤት የምንጋራውም ከእሷ ጋር ነው፣ ገርጂ።

ሰዉ የወደደውን ንድፍ ኮከብ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙም ኮከቡን እያየ የሚመስሉትን ወደ ላይ ያወጣል፤ ኮከብ ያላገኘውን ወደ ታች ይጥላል፣ እየዋለ እያደረ ጭራሽ ማሳየት ይተዋል። ከኮከቡ ጎን የሰጪው ስም ይጻፋል። ያቺን ስም እዚያ ያስገባ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁን ይቁረጠው።

አቶ ገብረዋሕድ ደግሞ ንድፉ እስኪያልቅ አልጠበቁም። በዚህ ከተማ ማን ይጠብቃል? የቁፋሮ ፈቃድ ወጥቶላቸው ስለነበር ኤክስካቫተር ተከራይተው በምዕራቡ በኩል አስጀመሩ። ላጲሶ የሚባለው ፎርማን በቴሌግራም ፎቶ ይልክልናል። የጎሮ አፈር መረሬ ነው፣ ያ ጥቁሩ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አብዝቶ ሲጠጣ እንደ ገንፎ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ክረምት ላይ በነጠላ ጫማ ጎሮን አንድ ጊዜ መሻገር ይበቃል።

የዚያን ቀን ጠዋት ነው። ከሰዓት አቶ ገብረዋሕድ ሊመጡ ስለሆነ ኮከብ የበዛላቸውን ንድፎች እየደረደርኩ ነበር። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፤ ቤዝመንቱ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ወርዶ በምሥራቅ በኩል አጥሩን ይነካል። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ይነካል። ሦስተኛውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የጎረቤት ቤት ግራጫ ሳጥን ነው፤ በር የለው፣ አልጋ የለው፣ ሰው የለው። ያ ግራጫ ሳጥን የአባቴ ቤት ነው። በየንድፉ ውስጥ ሳጥኑ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ከዚያ በፊት አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፣ ግን ስለ ደረጃና ስለ መኪና እያሰብኩ ነበር ያየኋቸው። አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን ሳጥኑን ብቻ ነው ያየሁት። ፈራሁ። በጠራራ ቀን፣ ሰው በሞላው ቢሮ፣ ላብ እስኪያሰምጠኝ ፈራሁ።

«ዊንቲ፣ ነይ እስቲ ይሄን እዪ።»

«ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!»

«ሁሉም አጥሩ ድረስ ነው የሚቆፍሩት። ሁሉም!»

«ታዲያ ድጋፍ ግንብ አለው አይደል እንዴ?»

«ግንቡ ያለው ስክሪን ላይ ነው! ላጲሶ ጋ ያለው ኤክስካቫተር ብቻ ነው። ግንቡ እስኪመጣ ያ አፈር እጁን አጣጥፎ ይጠብቀናል?»

ዊንታ ከንፈሯን ነከሰች። «ለጋሽ ሰናይ ንገሪዋ» አለች።

ጋሽ ሰናይ አለቃችን ነው፣ የቢሮው ባለቤት። ንገሪው ማለት ቀላል ነው። ምን ብዬ ልንገረው? ሥራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ለአባቴ ቤት ስል ላሰናክለው ልበል? ቢሮው ክረምቱን የሚሻገረው በዚህ ሥራ ነው። «ለቤተሰቧ አደላች» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አያችሁ ሞኝነቴን? አንዱ ፍርሃት አልበቃኝ ብሎ ሌላ ደረብኩበት።

ስለዚህ በራሴ መንገድ ልሞክር አልኩ። ኮከብ የሌላቸውን ብቻ አሳየኝ አልኩት ኮምፒውተሩን። ከስንት ጊዜ ወዲህ ማንም ያልጎበኘው ሰፈር ነው፤ ብዙው የማይረባ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። አንዱ ደረጃውን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከቶታል። ወደ ታች፣ ወደ ታች ስወርድ ግን አጥሩን ሸሽቶ የቆመ አንድ ቤተሰብ አገኘሁ። ቤዝመንቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከምሥራቁ አጥር ፈቀቅ ብሎ በመካከሉ አፈሩ ሳይነካ ይቀራል። የሚጎድለው ጥቂት የመኪና ቦታ ነው። ይኸው ነው! ለቤዝመንቱ እንኳ ከላይ የቀን ብርሃን ይገባለታል። ለዚህ ንድፍ ከመላው ቢሮ አንድ ኮከብ የሰጠው ሰው የለም።

«ዊንታ፣ ይሄን አይተሽዋል?»

«አዎ፣ ገና ስንጀምር። ቆንጆ ነው፣ አይደል?»

«ታዲያ ኮከብ ምነው ነፈግሽው?»

«ጋሽ ሰናይ ጥልቁን ይወዳል ብዬ ነዋ! ስሜ ይታያል እኮ፣ ኢሊሊ።»

ሌሎቹን ጠየቅሁ። ያው ናቸው። አንዱማ «ሁሉም ያንን ሲመርጥ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለኝ፣ ሳያፍር። ጋሽ ሰናይ ጋ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ጥልቁን ቤዝመንት ወደኸው ነው?»

«እኔ?» አለ መነጽሩን አውርዶ። «እኔማ ውሃ የሚያስገባ ጉድጓድ ምን ያደርግልኛል። አቶ ገብረዋሕድ ናቸው እንጂ። ትልቅ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው።»

«ብለውሃል?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «አይ፣ አላሉኝም። ግን ሰው ሲታይ ይታወቃል እኮ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ ይገድለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ማንም ያልፈለገው ጉድጓድ ወደ አባቴ መኝታ ቤት እየመጣ ነው፣ የሚያስቆመው ደግሞ የለም፤ ሁሉም ሌላው ወዶታል ብሎ ተቀምጧል። ያኔ እንኳ የአባቴን ነገር አላነሳሁም። «ከሰዓት ለአቶ ገብረዋሕድ ኮከቡን ደብቄ ላሳያቸው?» ብቻ አልኩት። «ሞክሪዋ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አቶ ገብረዋሕድ ጃንጥላቸው ውሃ እያንጠባጠበ ገቡ። ኮከቡንም ስሙንም አጠፋሁ። ከየቤተሰቡ አንድ አንድ ንድፍ አውጥቼ፣ አንዱን ከአንዱ ሳላበልጥ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ደረደርኩ።

«እኛ ምንም አንልዎትም» አልኳቸው። «ዓይንዎ የወደደውን ብቻ ይጠቁሙኝ።»

ሰውየው አንድ በአንድ ያያሉ። ወደ አንዱ ይጠጋሉ፣ ይርቃሉ። እመቤቴ፣ እመቤቴ እላለሁ በሆዴ። በመጨረሻ ጣታቸው አጥሩን በሸሸው ንድፍ ላይ አረፈ።

«ይቺ ናት» አሉ። «ይቺን እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?»

ጋሽ ሰናይ ሳል ያዘው። «እርስዎ ሰፊ ቤዝመንት የሚፈልጉ መስሎን ነው...»

«እኔ? እናንተ ናችሁ እንጂ! የላካችሁልኝ ሁሉ ኮከብ በኮከብ፣ ሁሉም ጥልቅ። የተማሩት ከመረጡት እኔ ነጋዴው ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዚያ ለሆርዶፋ ቤት ስሰጋ ነው የከረምኩት።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ዊንታ ጀርባዬን ትመታኛለች። ተመስገን፣ አለፈ አልኩ። አቶ ገብረዋሕድ እየሳቁ ስልካቸውን አወጡ። «ለላጲሶ ልንገረው፣ በምሥራቅ በኩል እንዳይነካ» አሉና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

ላጲሶ ሲያነሳ ከበስተጀርባው የኤክስካቫተሩ ጩኸት ይሰማል። ትእዛዙን ነገሩት።

«ጌታዬ፣ ምሥራቁን እኮ ጠዋት ጀመርነው።»

«በማን ትእዛዝ?»

«ትናንት በላኩልኝ ሥዕል ነዋ። ‹ኢንጂነሮቹ ሁሉ የተስማሙበት ነው› አላሉኝም? ኮከቡን አይቼ ነው የገባሁበት።»

የአቶ ገብረዋሕድ ፊት ተለዋወጠ። «ለማየት ነው እኮ የላክሁልህ! አቁም! አሁኑኑ አቁም!»

«እሺ ጌታዬ። ግን አጥሩ ሥር ደርሰናል። ዝናቡም ጥሎብናል፣ አፈሩ እየተናደ ነው።»

የሳቁ ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቴ እዚያ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ጠዋት መናገር የነበረብኝን ያኔ ተናገርኩት።

እየሮጥኩ ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ አነሱት።

«አባባ፣ የት ነዎት?»

«ቤት ነኛ፣ ዝናብ አይደል እንዴ።»

«ይውጡ! አሁኑኑ ጎረቤት ይሂዱ፣ እየመጣሁ ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? እኔ ደህና ነኝ። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» አሉና ዘጉት። ደግሜ ስደውል አያነሱም። ለላጲሶ ደወልኩ፤ እሱም አያነሳም።

በአቶ ገብረዋሕድ መኪና ሄድን። ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተቆልፎ ቆመን ቀረን። ውሃው አስፋልቱን ሞልቶ ጎማውን ይውጣል፣ ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ንቅንቅ አይልም። አቶ ገብረዋሕድ መሪውን ጨብጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ መሰለኝ። እኔ ጸሎቱ ጠፋኝ። ተሳደብኩ። ሚኒባሱን ሰደብኩት፣ ዝናቡን ሰደብኩት፣ ራሴን ግን ከሁሉም አብልጬ ሰደብኩ። ጠዋት፣ ገና ጠዋት፣ ሁለት ቃል ብናገር ማሽኑ ይቆም ነበር። አባቴ ከጭቃ ሥር ሆነው ታዩኝ፣ እጃቸው ብቻ። በየሁለት ደቂቃው እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም።

ስንደርስ ላጲሶ ላስቲክ ተከናንቦ በር ላይ ቆሟል። «ብለምናቸው፣ ብለምናቸው አልወጣም አሉኝ» አለ። ከጎኑ አልፌ አየሁ፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር። የቆርቆሮው አጥር ሥሩ ተበልቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከታች ቡናማ ውሃ ተኝቷል። አፈሩ ቁራጭ ቁራጭ እያለ ይገመስና ጧ ብሎ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፣ እንደገና ይገመሳል።

አባቴ መኝታ ቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ሲያዩኝ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ይነሱ፣ እንሂድ!»

«ረጋ በይ እንጂ። ምንም የሆነ ነገር የለም።»

ያኔ ነው ክፍሉ የተለወጠብኝ። እሑድ እሑድ ስመጣ በረንዳ ላይ ነው የምንቀመጠው፣ እዚህ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ቁም ሳጥኑ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ በጉድጓዱ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያንን ከባድ ዕቃ ብቻቸውን ነው የገፉት።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እንዲያው ነው። ቤቱ ሰፋ እንዲል ብዬ።»

በትከሻዬ ገፋሁት። ከኋላው ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል። አባቴ ጭቃ አቡክተው መርገውት ነበር፤ ምርጊቱ ራሱ እንደገና ተሰንጥቆ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ ምርጊት አለ። እጄን ከተትኩበት፣ ገባ። በዚያ በኩል ዝናቡን ነካሁት።

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ማሽኑ የመጣ ሰሞን ቀጭን ነበረች» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ዛሬ ነው እንዲህ የሆነችው።»

«ለምን አልነገሩኝም? በየቀኑ እደውል የለም እንዴ!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ለአገሩ ሁሉ የኢሊሊ ሕንፃ ነው ብዬ አውርቻለሁ። የአባቷን ቤት አፈረሰች ይበሉሽ? አለቆችሽ ፊት ላሳፍርሽ?» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ከወደድሽው እኔም ወደድኩት፣ አለቀ።»

«እኔ አልወደድኩትም! ማንም አልወደደውም እኮ፣ አባባ! ማንም!»

አልገባቸውም። እንዴት ይግባቸው? ከግድግዳው ወዲያ አንድ ትልቅ ነገር ድብ አለ፤ ምርጊቱ ረግፎ አልጋው ላይ ተበተነ። ክንዳቸውን ይዤ ሳብኩ። ከበዱኝ። ወደ በሩ አዩ።

«አቶ ገብረዋሕድም መጥተዋል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ከቤቴ ስሸሽ ካዩኝማ ይሳቀቃሉ። ጎረቤት ናቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው። ዝናቡ ያባራና...»

ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ስለ እሳቸው አልጠየቅኩዎትም! ስለ እኔም አልጠየቅኩዎትም! እርስዎ፣ እርስዎ ራስዎ፣ እዚህ መቀመጥ ይፈልጋሉ?»

«አንቺ ካልሽ እንግዲህ...»

«እኔን ይተዉኝ!»

አዩኝ። እንደዚያ ሲያዩኝ አይቼ አላውቅም፣ ጥያቄውን ሰው ጠይቋቸው የማያውቅ ይመስል። በበሬ ሲያርሱ የኖሩት ሰው፣ እናቴን ቀብረው ሲመለሱ እንኳ ለቀስተኛውን ያጽናኑት ሰው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ፈርቻለሁ» አሉ። «ኢሊሊ ኮ፣ ኢሊሊዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሰነበተ። የሚነግሩት ሰው አጣሁ።»

ደግፌ አወጣኋቸው፤ ተሸከምኳቸው ማለት ይቀላል። ጋቢው ከኋላ ቀረ። ጓሮውን አልፈን ግቢው መካከል ስንደርስ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ከዚያ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተነቃነቀ። ስንዞር በጉድጓዱ በኩል ያለው ግድግዳ የለም። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ጎንበስ ብሏል፣ የአልጋው ሁለት እግሮች ብቻ ወለሉ ላይ ቀርተዋል፣ ሌላው ወደ ጉድጓዱ ወርዷል። አባቴ እጄን ያዙ። እኔ ጮህኩ።

አቶ ገብረዋሕድ በጭቃው እየተንሸራተቱ ሮጠው መጡ፣ ባርኔጣቸው ወድቋል። የአባቴን ትከሻ ያዙ።

«ሆርዶፋ! ወንድሜ፣ ደህና ነዎት? ደህና ነዎት ወይ?»

አባቴ ቀና ብለው አዩአቸው። «ደህና ነኝ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እጄን እስኪያመኝ ጨበጡት።

«አይ» አሉ። «ደህና አይደለሁም።»